ፍሬሙ ከአሜሪካ፣ ቸርኬው ከመርካቶ

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አሜሪካ የሚኖረው ልጄ በሚመጣ ሰው እጅ አንድ ትልቅ ካርቶን ላከ። ብስክሌት ነው ተብለን ነበር። ስንከፍተው ጎማ የለው፣ መሪ የለው፣ ፔዳል የለው፣ መቀመጫ የለው። ባዶ የአሉሚኒየም ፍሬም ነው፤ ወገቡ ላይ ትንሽ ቴርሞስ የሚያክል ጥቁር ሾክ ተሰክቶበታል። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤቴ አገላብጣ አየችውና «ምነው፣ የቀረው መንገድ ላይ ወደቀ እንዴ?» አለች።

የልጅ ልጄ ግን አልሳቀም። ዕድሜው 14 ነው። አባቱ ሲሄድ የ8 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ የሚገናኙት በስልክ ነው። ፍሬሙን ከካርቶኑ አውጥቶ በሁለት እጁ ከፍ አደረገና «እማማ፣ ይሄ እኮ ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለው ነው። አባዬ ራሱ ሲነዳው የነበረ ነው» አለኝ። ከዚህ ሁሉ ለልጁ ትልቁ ቃል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም።

ማውንቴን የምንለው ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ ሾክ ያለው በፊቱ ሹካ ላይ ብቻ ነው። የኋላው ጎማ ከፍሬሙ ጋር ደርቆ የተያያዘ ስለሆነ፣ ድንጋይ ሲመታ ምቱ በቀጥታ ወደ ነጂው ወገብ ይወጣል። ይህኛው ዓይነት ግን የኋላው ክፍል ከፊተኛው ጋር የተገናኘው በኩሽኔታ ነው። እንደ ጉልበት ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ እንዳይላላ ሾኩ ይይዘዋል። እንጦጦ ላይ በባሕር ዛፉ መሀል ሥርና ድንጋይ የበዛበትን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጎማው መሬቱን አይለቅም፤ መሬቱን ያልለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬን ይሰማል። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ የሰፈራችን ልጆች ቅዳሜ ሲነጋ ብስክሌታቸውን እየገፉ ወደዚያ ነው የሚወጡት። የእኔውም ከእነሱ አንዱ ነው።

የልጁ እቅድ ቀላል ነበር። አያቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከማረፉ በፊት በነበረው ዓመት የገዛለት አንድ ማውንቴን አለው። የእሱን ዕቃ በሙሉ ነቅሎ አዲሱ ፍሬም ላይ መትከል ነው። «አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃኛል» አለ። እኔም «እስቲ ቆይ፣ መጀመሪያ ካርድ እናውጣለት» አልኩት።

ካርድ ማውጣት ስል ቀልዴን አልነበረም። የትምህርት ቤት ደብተር ገዛን፤ በግራ ገጽ የአሮጌው ብስክሌት፣ በቀኝ ገጽ የአዲሱ ፍሬም ልክ እንዲጻፍ አደረግን። ሰፈር ካለው ቶርኖ ቤት ካሊፐር ተውሰን፣ የእያንዳንዱን ቀዳዳና ቱቦ ውፍረት በሚሊሜትር ለካን። ፍሬሙን ግን ከመለካታችን በፊት በሳሙና አጠብነው። ሰው የነዳው ስለሆነ ስንጥቅ ይኖረው እንደሆነ ማየት ነበረብን። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀስ ብሎ ጎብጦ አያስጠነቅቅም፤ ብየዳው አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይወጣበትና አንድ ቀን በድንገት ይበጠሳል። በረንዳ ላይ ፀሐይ ውስጥ እያገላበጥን፣ ጥፍሬን በብየዳው ሁሉ ላይ እያሳለፍኩ ፈተሽኩት። ጥፍር ዓይን ያላየውን ያገኛል። ደህና ነበር። ኩሽኔታዎቹንም ይዘን ወደ ጎን ነቀነቅናቸው፤ አንዱ ብቻ ትንሽ ይላወሳል።

ደብተሩ ሲሞላ የልጁ ፊት ጠቆረ። ግራና ቀኙ ገጽ አልተስማማም።

የአሮጌው ጎማ ባለ 26 ኢንች ነው፤ ፍሬሙ የተሠራው ለ27.5 ነው። የአሮጌው የኋላ አክስል 135 ሚሊሜትር ስፋት ላይ የሚቀመጥ ቀጭን ነው፤ አዲሱ 142 ስፋት ይፈልጋል፣ አክስሉም 12 ሚሊሜትር ወፍራም ሆኖ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው በቀዳዳ የሚያልፍ ነው። የአሮጌው መቀመጫ ዘንግ 27.2፣ የአዲሱ ቱቦ 31.6። የአሮጌው ሹካ አንገት ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፤ የአዲሱ ፍሬም አንገት ከላይ ጠቦ ከታች ይሰፋል። የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበት ቱቦ በአሮጌው 68፣ በአዲሱ 73። ልጁ «ሁለቱም ብስክሌት አይደሉም እንዴ?» አለ።

ያኔ የሰፈራችንን ሆስፒታል ነገርኩት። ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደርጎበታል። ከዚያ በፊት ታማሚው ገንዘብ ካለው ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ከሌለው የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ኩላሊት ሁሉ ኩላሊት ነው፤ ቅርጹም ሥራውም አንድ ነው። ነገር ግን የደሙ ዓይነት ካልገጠመ፣ የሕብረ ሕዋሱ ምርመራ ካልተሠራ፣ እናት ለልጇ ብትሰጥ እንኳ ሰውነት «አላውቅህም» ይላል። ሐኪሞቹ ከቀዶ ጥገናው ቀን ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያጠፉት ይገጥማል አይገጥምም በሚለው ላይ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ የሚገጥመውን እንለይ» አለ። ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ጠጋኝ ጋ ስንሄድ ደብተሩን ሊያየው አልፈለገም። ሥራ የለመደ፣ እጁ ፈጣን ልጅ ነው። «ማዘር፣ እኔ እገጥመዋለሁ። የኋላውን ጎማ በሮንዴላ ሞልተን በረጅም ብሎን እናስረዋለን። እንቢ ካለ በግራይንደር ትንሽ እንነካዋለን። መቀመጫውን ደግሞ የለስላሳ ቆርቆሮ ጠቅልለን እናስገባዋለን» አለኝ። ዋጋውም ርካሽ ነበር። በዚህች አገር ሰው ያለውን ይዞ መላ ስለሚመታ ነው የኖርነው፤ መላ መምታትን አልንቅም። ጤና ጣቢያ ስሠራ እኛም በካርቶን ስንት የተሰበረ ክንድ ደግፈን ወደ ሆስፒታል ልከናል። የካርቶኑ ድጋፍ ግን እስከ ሆስፒታሉ በር ነው፤ ሰው ይዞት ዕድሜ ልኩን አይኖርም። የኋላ ጎማ በሮንዴላና በብሎን ታስሮ ከእንጦጦ ሲወረድ ብሎኑ የሚላላው ጠጋኙ ደጃፍ ላይ አይደለም። አመስግነን ወጣን። ልጁ መንገድ ላይ አኮረፈ፤ «ሊሠራልን ነበር እኮ» አለ። መልስ አልሰጠሁትም።

ሁለተኛው ሰው የሚሠራው ወደ ሩፋኤል በሚወስደው መንገድ፣ ግቢው ውስጥ ነው። በወጣትነቱ ለአንድ ክለብ ይወዳደር የነበረ፣ አሁን ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ደብተሩን ተቀብሎ መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዱን መስመር አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ «ይህን የለካው ማነው?» አለ። ልጁ «እኔና አያቴ» ሲል «እንግዲያው ግማሹ ሥራ አልቋል» አለው። የኩርፊያው መድኃኒት ይህ ሆነ።

ከሰውየው ጋር አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ዕቃውን አንድ በአንድ ለየን። ለምን ያህል ሰዎች እንደሚጠቅም ባላውቅም፣ ከውጭ ፍሬም የሚላክላቸው ልጆች እየበዙ ስለሆነ ልጻፈው። ከአሮጌው ብስክሌት ሳይነካ የተሻገረው መሪው፣ መቀመጫው፣ ፔዳሉ፣ የፍሬን መያዣዎቹና ማርሽ ቀያሪው ነው። ዲስክ ፍሬኑም ተሻገረ። እድለኛ ነበርን፤ እንዲህ ያለው ፍሬም ቸርኬ የሚጨብጥ የድሮ ፍሬን የሚታሰርበት ቦታ የለውም፤ የአሮጌው ብስክሌት ፍሬን የዚያ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ከንቱ ነበር። የኋላው የፍሬን ገመድ ግን አልደረሰም። የዚህ ፍሬም ኋላ ስለሚንቀሳቀስ ገመዱ ዞሮ መሄድ፣ ትርፍም ሊኖረው ይገባል፤ ልክክ ብሎ ከተወጠረ ሾኩ ሲታጠፍ ገመዱ ፍሬኑን ራሱ ይስበዋል። አዲስ ገመድ ከነሽፋኑ ተገዛ።

በትንሽ ወጪ የተስተካከሉም ነበሩ። መቀመጫው ዘንግ የ4.4 ሚሊሜትር ልዩነት አለው። ለዚህ በቆርቆሮ ፋንታ ካሊፐር ያዋሱን ቶርኖ ቤት ሄድን፤ ግድግዳው 2.2 ሚሊሜትር የሆነ የአሉሚኒየም እጅጌ፣ በአንድ ጎኑ ተሰንጥቆ፣ 10 ሳንቲሜትር ርዝመት ኖሮት ተሠራ። ለፔዳሉ 73 የሆነ አዲስ ዘንግ ከነኩሽኔታው ተገኘ። ከፊት ያሉት ሦስት ጥርሳም ዲስኮች ግን ሦስት ሆነው መቀጠል አልቻሉም፤ ፍሬሙ የፊት ማርሽ ቀያሪ የሚታሰርበት የለውም። መካከለኛዋ ብቻ ቀረች። ልጁ «21 ማርሽ ነበረኝ፣ 7 ሊሆን ነው» ብሎ አዘነ። ሰውየው ሳቀና «ከ21ዱ ስንቱን ትጠቀም ነበር?» ሲለው አሰበና «አራቱን» አለ።

የማይገጥሙት ሁለት ናቸው፤ ገንዘቡንም የበሉት እነሱ ናቸው። ሹካውና ጎማዎቹ።

ሹካውን በመቀነሻ ቀለበት ማስገባት እንደሚቻል ሰውየው አልደበቀንም። ነገር ግን የአሮጌው ሹካ አጭር ነው። ፍሬሙ 120 ሚሊሜትር ለሚታጠፍ ሹካ ተሠርቶ አጭር ሲገባበት የፊቱ ክፍል ይወድቃል፤ መሪው ቁልቁለት ላይ ይቅበጠበጣል፣ ፔዳሉም ወደ መሬት ቀርቦ ድንጋይ ይመታል። አንድ ጫማው ያነሰ ሰው ሲሄድ ዳሌውም ጀርባውም እንደሚዛባ ማለት ነው። ለ26 የተሠራውም ሹካ ለሰፊው ጎማ ቦታ የለውም። ስለዚህ ሌላ ደንበኛው አውልቆ የተወውን ያገለገለ ሹካ ፈትሾ፣ ዘይቱንና ጎሚኒውን ቀይሮ ሸጠልን።

ይህን ሁሉ ቅዳሜ ማታ ለልጄ በስልክ ነገርኩት። የወጪው ነገር ከሁለት ወር ጡረታዬ እንደሚያልፍ ስነግረው ዝም አለና «እማዬ፣ በቃ ይሸጥ። በሚቀጥለው ዓመት ሙሉ ብስክሌት እልክለታለሁ» አለ። ልጁ አጠገቤ ነበር። ስልኩን ከእጄ አልወሰደም፤ ብቻ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ሌላ አልፈልግም በለው» አለኝ በሹክሹክታ። እኔ ለራሴ ቢሆን ፍሬሙን ሸጬ የክረምቱን ጣሪያ አስጠግን ነበር። ግን የ14 ዓመት ልጅ ከአባቱ የደረሰውን አንድ ነገር ሲይዝ «በገበያ ስንት ያወጣል?» ብሎ መጠየቅ አልሆነልኝም። «አንተ የኋላውን ጎማ መሀል ከነአክስሉ ላክ፣ የቀረውን እኛ እንጨርሳለን» አልኩት። ላከ። ከቡጢ ብዙም የማይበልጥ ነገር ስለሆነ ለተጓዥ አያስቸግርም።

ቸርኬውን ከመርካቶ ገዛን። ለመኪና ሶማሌ ተራ አለ፤ ለብስክሌት እንዲህ የሰበሰበ ቦታ ስለሌለ ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። ከዚያ ሰውየው 32ቱን ሽቦ አንድ በአንድ ሰክቶ ጎማውን ሲሠራ ልጁ አጠገቡ ተቀመጠ። ሽቦዎቹን ጣሊያኖች ራጂ ይሏቸዋል። ጣሊያንኛው ጨረርንም የጎማ ሽቦንም በአንድ ቃል ይጠራል፤ የእኛው የሆስፒታል «ራጅ»ም የመጣው ከዚያው ነው። ዕድሜ ልኬን «ራጅ ተነሺና ነይ» እያልኩ ሰው ስልክ ኖሬ፣ ቃሉ የጎማ ሽቦም መሆኑን የሰማሁት በጡረታዬ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ጎማው እየተሽከረከረ የቱ ጋ እንደሚወዛወዝ እያዩ አንዱን ሽቦ ሩብ ዙር ማጥበቅ፣ ተቃራኒውን ማላላት ነው ሥራው። ልጁ በሁለተኛው ቀን የፊተኛውን ጎማ ብቻውን አቀና።

ሰውየው እየሠራ ስለ ድሮው ያጫውተን ነበር። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው፤ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች እንደነበሩ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ገረመው ደንቦባ ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። ያው የኩላሊቱ ንቅለ ተከላ በተደረገበት በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በእኛ ልጅነት ብስክሌት የሚገዛ ሳይሆን የሚከራይ ነበር። ወንድሜ ሳንቲሙን አጠራቅሞ ሲከራይ እኔ ከኋላ መቀመጫውን ይዤ እሮጣለሁ፤ ተራዬ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቃል። ሴት ልጅ መንዳቱ ብዙም ስለማይታይ ይሆናል፣ ተራዬ መቼም ደርሶ አያውቅም።

ዕቃ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር የድሃ አገር ብልሃት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰውየው ግን ማውንቴን ራሱ የተወለደው በዚህ መንገድ እንደሆነ ነገረን፤ በኋላም አንብቤ አረጋገጥኩት። በ1970ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ታማልፓይስ በሚባል ተራራ አካባቢ የነበሩ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን ያረጁ ብስክሌቶች እየሰበሰቡ፣ የሌላ ብስክሌት ማርሽና የሞተር ሳይክል የፍሬን መያዣ እየገጠሙባቸው በአቧራው ቁልቁለት ይወዳደሩ ነበር። ከ1976 ጀምሮ የተወዳደሩበት አንዱ ቁልቁለት ስሙ «እንደገና መሙላት» እንደማለት ነው። የኋላው ፍሬን ከመጋሉ የተነሳ ግሪሱ በጭስ ስለሚያልቅ፣ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ እንደገና መሙላት ግድ ስለነበር ነው። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ ፍሬም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሾክ ያለው ሹካ በገበያ የተለመደው ደግሞ በ1990ዎቹ። ልጁ ይህን ሲሰማ አሮጌውን ማርሽ ቀያሪ ሲያጸዳ የነበረበት ጨርቅ ላይ ትንሽ ቀና አለ።

ግጣጥሙ ሲጀመር የእኔ ድርሻ ሌላ ሆነ። ሰውየው የሚያጠብቃቸውን ብሎኖች ልክ የሚነግር መፍቻ አለው። መሪውን የያዙት ብሎኖች ላይ 5 ኒውተን ሜትር የሚል ተጽፏል። ከዚያ ቢያንስ መሪው ይዞራል፤ ቢበልጥ ብሎኑ ይበጠሳል ወይም አሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል። ለነርስ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የመድኃኒት መጠን ማለት ነው። ልጁ «ይበልጥ ባጠብቀው ይበልጥ አይጠነክርም?» ሲል «ሁለት ኪኒን የታዘዘልህ ሰው አራት ብትውጥ ሁለት እጥፍ ትድናለህ?» አልኩት።

የመሪው ጫፎች ግን አስጨነቁኝ። አሮጌው ብስክሌት ላይ የአንዱ ጫፍ መክደኛ ወልቆ ከጠፋ ቆይቷል፤ የብረቱ ጠርዝ እንደ ኩኪስ መቁረጫ ይታያል። ወላጆች ስለ ራስ ቅል ያስባሉ፣ ደግ ነው። ስለ ሆድ ግን የሚያስብ የለም። ልጅ ሲወድቅ መሪው ይዞርና ጫፉ ሆዱን ይወጋዋል። ልጁ ይነሳል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ ይሄዳል። ቆዳው ላይ የሚታየው አንዲት ክብ ምልክት ብቻ ናት። ውስጥ ግን ጣፊያው ወይም ጉበቱ ተሰንጥቆ ቀስ እያለ ሊደማ፣ ቆሽቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ይመጣል። ሆድ ይጠነክራል፣ ያስመልሳል፣ ፊት ይገረጣል፣ ግራ ትከሻውን አመመኝ የሚልም አለ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የመጣ ልጅ አይቻለሁ፤ በጊዜ ስለመጣ ተርፏል። መሪ ሆዱን የመታው ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም ይታይ። የጠፋችው መክደኛ ደግሞ ዋጋዋ ከአንድ ዳቦ ብዙም አይበልጥም። ሁለቱንም አዲስ አስገባን።

የራስ ቆቡንም ነገር ያው አልተውኩትም። ቆቡ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ላይ መቀመጥ አለበት፤ ወደ ኋላ ተንጋሎ ግንባር የሚያሳይ ከሆነ ጌጥ ነው። ማሰሪያው ከአገጭ ሥር ከአንድ ሁለት ጣት በላይ አያስገባ። አንዴ በኃይል ከተመታ፣ ከላይ ምንም ባይታይበትም ውስጡ ያለው አረፋ ሥራውን ጨርሷልና ይጣላል። ልጁ ቆቡን «ፀጉሬን ያበላሽብኛል» ይለዋል። ፀጉሩን እኔ አበጥርለታለሁ ብዬዋለሁ።

ከሥራው ሁሉ ልጁን ያስደነቀው የሰንሰለቱ ርዝመት ነበር። በተራ ብስክሌት ሰንሰለቱን በትልቁ ጥርስ ላይ ጠምጥሞ መለካት ይበቃል። በዚህኛው ግን ሾኩ ሲታጠፍ የኋላው ጎማ ከፔዳሉ እየራቀ ይሄዳል። ብስክሌቱ ቆሞ የተለካ ሰንሰለት፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይጎትትና ማርሽ ቀያሪውን ይነቅለዋል። ስለዚህ የሾኩ አየር ሙሉ በሙሉ ወጣ፣ ብስክሌቱ እስከ መጨረሻው ተጨፈለቀ፣ ሰንሰለቱም የተለካው ያኔ ነው። ሰውየው «መለካት ያለበት በክፉ ቀኑ ነው» አለ። የአሮጌው ሰንሰለት በሦስት ቁራጭ አጠረ፤ ከሌላ ተቀጠለ ከማለት አዲስ ተገዛ።

ከዚያ አየሩ። ይህ ሾክ በጎሚስታ መንፊያ አይነፋም፤ ግፊቱ ከጎማ ብዙ እጥፍ ነው፣ መጠኑ ደግሞ ትንሽ። የራሱ ትንሽ ፖምፓ አለው። አባትየው በሦስተኛው ተጓዥ ላከው። የሚነፋው በነጂው ክብደት ስለሆነ ልጁን የቤቴ ሚዛን ላይ አቆምኩት፤ 48 ኪሎ። አባቱ ከ80 በላይ ነው፤ ፍሬሙም ለእሱ የተነፋ ነበር። ልጁ ሲቀመጥበት ምንም አልታጠፈም። ሾኩ ከሚሄድበት 50 ሚሊሜትር ውስጥ ነጂው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከ12 እስከ 15 ያህሉን መውረድ አለበት። ትንሽ እያስተነፈስን፣ ልጁን እያስቀመጥን፣ በሾኩ ላይ ያለችውን የጎሚኒ ቀለበት እያየን አስተካከልነው። አባትየው ይህን ሲሠራ በስልኩ ካሜራ እያየን ነበር። «በቃ፣ በቃ፣ እዚያ ላይ ተወው» ሲል ልጁ «አባዬ፣ እኔ አውቃለሁ» አለው። አባቱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ተቆረጠና ካሜራው ጣሪያ ጣሪያ ያሳይ ጀመር። የአሁኑን ክብደቱን በኪሎ የሰማው ያን ቀን ነው መሰለኝ። እኔም ሌላ ወሬ አነሳሁ።

ሲያልቅ እንጦጦ ወዲያው አልተሄደም። ያገለገለም ሆነ አዲስ፣ ዕቃ ሲገጠም መጀመሪያ ይረጋል፤ ገመድ ይለጠጣል፣ ሽቦ ይላላል፣ ብሎን ይሸሻል። ሁለት ሳምንት በሰፈር ውስጥ፣ ከጳውሎስ እስከ ዊንጌት እየተመላለሰ ነዳ፤ መኪና ሳይበዛ፣ በጠዋት። ከዚያ ተመልሶ ብሎኖቹ በሙሉ እንደገና ተለኩ። ሦስት ሽቦ ላልቶ ተገኘ፤ ራሱ አጠበቀው። የዲስክ ፍሬኑም አዲስ ሸራ ስለገባለት፣ ቁልቁለት ከመሞከሩ በፊት ሜዳ ላይ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ቀስ እያለ ማቆምን ተለማመደ። ሸራው እስኪለምድ አይዝም፤ ዘይት የነካው ጣት ዲስኩ ላይ ካረፈ ደግሞ ጨርሶ አይዝም።

በጥቅምት መጨረሻ እንጦጦ ወጣ። እኔም በታክሲ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄድኩ፤ ልጠብቀው ሳይሆን እግረ መንገዴን ነጠላ ላይ ብዬ ነው ብዬዋለሁ፣ አላመነኝም። ሲወርድ አየሁት። ኋላው እንደ ጉልበት እየታጠፈ፣ እየተዘረጋ ነው። አጠገቤ ሲደርስ ፍሬን ያዘ፤ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። እጄን ዲስኩ ላይ ላደርግ ስል «እማማ፣ ይፋጃል!» አለኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሩፋኤል ሰውየው ግቢ ሄዶ ይሠራል፤ ገንዘብ አይደለም የሚከፈለው፣ አሮጌ ዕቃ ነው። ኋላ የቀረው የአያቱ ብስክሌት ፍሬም ኩሽናው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሹካው አለው፣ ሁለቱ ባለ 26 ጎማዎችም ከነቸርኬያቸው አልጋ ሥር ናቸው። የሚጎድለው መሪ፣ መቀመጫ፣ ፔዳልና ፍሬን ነው። የጎረቤቴ ትንሿ ልጅ 10 ዓመት ሞልቷታል፤ የእሷን ቁመት ለክቶ በዚያው ደብተር ባዶ ገጽ ላይ ጽፎታል።